የጆን ሪዝ የዕለት መዝገብ

በራዲዮ የተነገረ ቃል ከአፍ በወጣበት ቅጽበት በአየር ላይ በኖ የሚቀር ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያዎቹን የራዲዮ ሰዎች ጠባይና አሳብ ለመመርመር የሚሻ ሁሉ ከድምፃቸው ይልቅ ጽሕፈታቸውን መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ቢ ቢ ሲ የሚባለውን የእንግሊዝ የራዲዮ ድርጅት ከምሥረታው ጀምሮ የመራው ጆን ሪዝ በዘመኑ ሁሉ ሲጽፈው የኖረውን የዕለት መዝገብ ትቶልን ስላለፈ፣ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሕሊናውንም ለመመርመር በር ተከፍቶልናል።

ሪዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ስቶንሄቨን በምትባል የስኮትላንድ የባሕር ጠረፍ ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የነጻይቱ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩና ልጃቸው በጸሎትና በምዕዳን፣ ሰንበትንም አጥብቆ በማክበር አደገ። በግላስጎው በባቡር መኪና ፋብሪካ ምህንድስና ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶም በ1915 ፊቱን በጥይት ቆስሎ ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ። በ1922 ስለ ራዲዮ ሥርጭት ምንም የማያውቀው ይህ መሐንዲስ በጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ አይቶ አመለከተና፣ በ33 ዓመቱ የአዲሱ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ሲረከበው አራት ሠራተኞች ብቻ የነበሩት ድርጅትም ሪዝ በ1938 ሲለቅ ከ4,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት።

ራዲዮን እንደ ንግድ ዕቃ ሳይሆን እንደ ዐደራ የቈጠረው ሪዝ፣ የሥራው ዓላማ ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት ነው ብሎ ስላመነ፣ ድርጅቱ የነጋዴ ማስታወቂያ ሳያሰማ አድማጮች በየዓመቱ በሚከፍሉት 10 ሽልንግ የፈቃድ ገንዘብ እንዲኖር አጥብቆ ተከራከረ። በ1927 ኩባንያው በንጉሥ ቻርተር የሕዝብ ድርጅት ሲሆን፣ ከነቢያት ቃል መንፈስ የተወሰደና አሕዛብ እርስ በርሳቸው ሰላምን ይነጋገሩ ዘንድ የሚል መሪ ቃል በዓርማው ላይ ተጻፈ።

የዕለት መዝገቡ ግን ከዚህ ሐውልት በስተጀርባ የቆመውን ሰው ይገልጣል። በ1926 ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ በተነሣ ጊዜ፣ በጊዜው ሚኒስትር የነበረው ቸርችል መንግሥት ማሠራጫውን ይረከብ እያለ ሲከራከር፣ ሪዝ ድርጅቱን ከመወረስ አዳነው፤ ይሁን እንጂ የሠራተኛው ፓርቲ መሪ ራምሴይ ማክዶናልድ በራዲዮ እንዲናገር ሳይፈቀድለት ቀረ፣ ሪዝም በመዝገቡ መንግሥት በእርግጥ ገለልተኞች እንደማንሆን ዐውቆ ይተማመንብናል የሚል አሳብ አሰፈረ። ከ1938 በኋላ ያሉት ገጾች ደግሞ፣ የህንድ እንደራሴ ለመሆን የተመኘውና በጦርነቱ ጊዜ ሚኒስትር ሆኖ በ1942 በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቸርችል የተሻረው ሰው፣ ለችሎታዬ የሚመጥን ሥራ ተነፈገኝ እያለ ያዘነበትን ምሬት ይዘዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ በድርጅቱ ዓርማ ላይ የሰላም ቃል በተጻፈበት ዘመን የመራው ይኸው ሰው፣ በ1935 ሠራዊቱን በአገራችን ላይ አዝምቶ ወገኖቻችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀውን ሙሶሊኒን እንደሚያደንቅ፣ በ1933ም ስለ ናዚዎች በጎ አሳብ እንደ ነበረው በገዛ እጁ መመዝገቡ ነው። ዜና ለዓለም የሚያደርስ ሰው ልቡ ወዴት ያዘነበለ እንደ ነበረ ማወቅ፣ በዚያ ዜና ለተዳኘ ሕዝብ ታላቅ ቁም ነገር ነው።

ሪዝ በ1971 ዐረፈ፤ ከመዝገቡ የተመረጠው ክፍል በ1975 በቻርልስ ስቱዋርት አዘጋጅነት ታተመ፣ ዋናውም በሬዲንግ አጠገብ በካቨርሻም በሚገኘው የቢ ቢ ሲ የጽሑፍ ቤተ መዛግብት ለተመራማሪዎች ተጠብቋል። ሟቹን የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም በአንድነት በመጠበቁ፣ ትውልድ በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይፈርዳል። ስለዚህ በአገራችንም በማይክሮፎን ፊት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ሰዎች ደብዳቤና ማስታወሻ በእጃቸው የሚገኝ ቤተሰቦች፣ ለክብራቸው ሲሉ ሳይቈርጡና ሳያቃጥሉ፣ ሙሉውን ለቤተ መዛግብት ቢያስረክቡ፣ ለሟቾቹም ለአገሪቱ ታሪክም እውነተኛ ውለታ ይሠራሉ።