ዳታቤዙ ተገዝቷል፤ ሥልጠናው ግን ቀርቷል
ከደብረ ታቦር የዱቤ መዝገብ እስከ ባንክ ሒሳብ

አንድ የደብረ ታቦር የእህል ጅምላ ነጋዴ እንውሰድ። በኅዳር ወር ከፋርጣ ገብስ ለሚያመጣለት ሰብሳቢ 40 ሺህ ብር ቀብድ ይሰጣል። ጸሐፊዋ የሰውየውን ስም «ኃይሉ» ብላ ኮምፒዩተሩ ላይ ትመዘግባለች። ገብሱ በጥር ሲራገፍ ተረኛው ሌላ ሠራተኛ ነው፤ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል። ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለ ደንበኛ የለም ይላል። አዲስ ደንበኛ ይከፈታል፣ የገብሱ ዋጋ ምንም ሳይቀነስ ይከፈላል። ቀብዱ በ«ኃ» ተመዝግቦ ቀረ፣ ክፍያው በ«ሀ» ወጣ።

በወረቀት መዝገብ ዘመን ይህ ብዙም አያሰጋም ነበር። መዝገቡን የሚገልጠው ሰው ሁለቱን ስሞች ያያል፣ አንድ ሰው መሆኑንም ያውቃል። ኮምፒዩተር የሚያወዳድረው ግን ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንደዚሁ።

ነጋዴው ለዚህ ችግር አዲስ ሶፍትዌር መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። በነፃ የሚገኘው ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 12ኛ እትሙ፣ ከአንድ ዓምድ ሌላ ዓምድ በራሱ ጊዜ እያሰላ የሚያስቀምጥ ችሎታ አክሏል። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ደግሞ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተለወጡበት ሁለተኛ ስም ይቀመጣል፤ ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄዳል። በ2023 የወጣው 16ኛ እትም ደግሞ ፕሮግራመሩ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ለዳታቤዙ ደንብ እንዲጽፍለት ይፈቅዳል። ሥራው ለሚያውቀው ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለማያውቀው ግን ችሎታው እንደሌለ ይቆጠራል። (የስም መመሳሰል ብቻውን አንድ ሰው ነው አያሰኝም፤ የአባትና የአያት ስም፣ ስልክ ቁጥርም መታየት አለበት።)

ከሒሳብ በላይ አይወጣም ያለው ማን ነው?

ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ገንዘቡ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ፣ ነገሩም የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል። አብዛኛው ተመልሷል። የባንኩ ችግር ከዳታቤዙ መጣ ለማለት አይቻልም። ሆኖም ሌሊቱ ለማንኛውም ነጋዴ አንድ ጥያቄ ይተዋል፤ «ከቀሪ ሒሳብ በላይ አይወጣም» የሚለው ክልከላ የተጻፈው የት ነው? ሠራተኛው በሚያየው ገጽ ላይ ብቻ ነው ወይስ በዳታቤዙም ውስጥ?

ብዙ አነስተኛ ሶፍትዌሮች የሚሠሩበት ማይኤስኪውኤል እዚህ ላይ አስገራሚ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ «ቀሪ ሒሳብ ከዜሮ አይነስ» የሚል ደንብ ሲጻፍለት ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀበልና ሥራ ላይ ሳያውለው ይቀር ነበር። ስህተት ነው አይልም፣ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ይላል። ደንቡ መከበር የጀመረው ከ8.0.16 እትም ወዲህ ነው። ደግሞም አሮጌው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ ስለተሸጋገረ ብቻ ደንቡ አይመለስም፤ ቀድሞውንም አልተቀመጠምና። ፕሮግራመሩ እንደገና መጻፍ አለበት። ሲጽፍም ከዜሮ በታች የወረደ አሮጌ ሒሳብ ካለ ዳታቤዙ ደንቡን አልቀበልም ይላል፤ የቆየው ጉድ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ሥልጠናው ከየት ይምጣ?

ደብረ ታቦር ለሙያ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ኮምፒዩተር ሳይንስ ይሰጣል። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አለ። እነዚህ በሩን የሚከፍቱ ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ተመርቆ በተማረበት እትም ዛሬም የሚሠራው ፕሮግራመር ግን በመካከል ቀርቷል፤ የነጋዴው ገንዘብ ያለው ደግሞ በእሱ እጅ ነው።

በኢንተርኔት ይማር ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የፖስትግሬስኪውኤል መመሪያ ግን ሙሉ መጽሐፉ በነፃ ተቀድቶ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ አሠልጣኝ ከባሕር ዳር ቢያስመጡ፣ ፕሮግራመሮቻቸው በአንድ ክፍል ቢቀመጡ ነገሩ ያልቃል። መለማመጃው የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ሳይሆን የነጋዴው የራሱ መዝገብ ቅጂ ይሁን፤ ቅጂ ነው የተባለው ደግሞ ሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ መለማመድ ዕብደት ስለሆነ ነው። የደንበኞች ስልክ ቁጥርም ከቅጂው ይውጣ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ እንዲህ ያለውን መረጃ እንደዋዛ ማዞርን አይወድም።

አዲስ እትም ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። ጳጉሜን 3 ቀን የሚከፈል ዕዳ ሲመዘገብ የዳታቤዙ የቀን ዓምድ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይረውን ስሌት ፕሮግራመሩ ራሱ ማስገባት አለበት። ይህም በሥልጠናው ቢካተት ይበጃል።

ሶፍትዌር የሚያሻሽጡ ደላሎች ዋጋና የመክፈያ ጊዜ ይጠየቃሉ። የሚያስፈልጉት ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዳታቤዙ ስንተኛ እትም ነው? አምራቹ የሚጠግነውስ እስከ መቼ ነው? የፖስትግሬስኪውኤል እትሞች በየፊናቸው 5 ዓመት ያህል ይጠገናሉ፤ የማይኤስኪውኤል 5.7 እትም ድጋፍ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አብቅቷል። ሻጩ ለሁለቱ መልስ ካጣ፣ የፕሮግራመሩ የሥልጠና ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስ ብሎ መከራከር ይቻላል።