ሦስት ጊዜ ለስደት የተዳረጉት የልዑል ፊሊፕ እናት

የብሪታንያዋ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ባለቤት የኤደንብራው መስፍን ልዑል ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1965 ከንግሥቲቱ ጋር ኢትዮጵያን መጎብኘታቸው ይታወሳል። የእናታቸው የልዕልት አሊስ ታሪክ ግን እምብዛም አይታወቅም።

ልዕልት አሊስ እ.ኤ.አ. በ1885 በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅድመ አያታቸው ንግሥት ቪክቶሪያ በተገኙበት ተወለዱ። ከልደታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው በመሆናቸው የሰውን ንግግር ከከንፈር እንቅስቃሴ መረዳትን ተማሩ። በ1903 የግሪኩን ልዑል አንድሪያስን አግብተው አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በባልካን ጦርነት ወቅትም ቁስለኞችን በነርስነት አገልግለዋል።

የግሪክ ፖለቲካ መናወጥ ግን ቤተሰቡን እረፍት ነሳው። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በ1917 ዙፋናቸውን ለመልቀቅ ሲገደዱ ቤተሰቡ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ። በ1920 ወደ አገሩ ቢመለስም፣ የግሪክ ጦር በ1922 በትንሿ እስያ ከተሸነፈ በኋላ ልዑል አንድሪያስ ለፍርድ ቀርበው ከአገር እንዲወጡ ተወሰነባቸው። ቤተሰቡን ከግሪክ ያወጣው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሲሆን፣ የዓመት ከመንፈቁ ሕፃን ፊሊፕ ከፍራፍሬ ሣጥን በተሠራ አልጋ እንደተጓዘ ይነገራል።

በፓሪስ አቅራቢያ በስደት ሲኖሩ ልዕልቲቱ በአእምሮ ሕመም ተጠቁ። በ1930 ወደ ስዊዘርላንድ ሕክምና ተቋም ተወሰዱ፤ ቤተሰቡም ተበተነ። በ1937 አንዲት ልጃቸው ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሞተች።

ልዕልቲቱ በቀጣዩ ዓመት ወደ አቴንስ ተመለሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጃቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲዋጋ፣ አማቾቻቸው ግን በጀርመን ወገን ነበሩ። ግሪክ በናዚዎች ስትያዝም ከተማዋን ለቀው አልወጡም። የቀድሞውን የፓርላማ አባል የሃይማኪ ኮኸንን አይሁዳዊ ባለቤትና ልጆች በመኖሪያቸው ሸሸጉ። የጀርመን ምስጢራዊ ፖሊሶች በመጡ ጊዜ ልዕልቲቱ መስማት አለመቻላቸውን ምክንያት አድርገው ጥያቄውን እንዳልተረዱ ሆኑ። የተሸሸጉት በሙሉ ከሞት ተርፈዋል።

በ1949 የድሆችና የሕሙማን ረዳት የሚሆን የመነኮሳይት ማኅበር መሠረቱ፤ ራሳቸውም የምንኩስና ልብስ ለበሱ። በ1967 የጦር መኮንኖች በግሪክ ሥልጣን ሲይዙ ለሦስተኛ ጊዜ ከአገር ወጥተው በልጃቸው ግብዣ በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ተጠለሉ። በታኅሣሥ 1969 በ84 ዓመታቸው ሲያርፉ ይህ ነው የሚባል ንብረት አልተዉም፤ የነበራቸውን ሰጥተው ጨርሰው ነበርና።

አስከሬናቸው በኑዛዜያቸው መሠረት በ1988 ወደ ኢየሩሳሌም ተወስዶ በደብረ ዘይት ተራራ በሚገኘው የማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን አርፏል። ያድ ቫሼም የተሰኘው የእስራኤል መታሰቢያ ተቋምም በ1993 «ከአሕዛብ ወገን ጻድቅ» የሚለውን ክብር ሰጥቷቸዋል። በ1921 በግሪክ ኮርፉ ደሴት የተወለዱት ልዑል ፊሊፕም በ1994 በተቋሙ ተገኝተው የእናታቸውን ውለታ ዘክረዋል። ልዑሉ በ2021 በ99 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።