አጋፋሪው ከውጭ፤ ፈቃዱ ከውስጥ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ከሚገኘው ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ስንቆም፣ የአጋፋሪ ሥራ ትዝ ይለናል። አጋፋሪ የባለጉዳዩን መምጣት ያስታውቃል እንጂ ይግባ የሚባለው ከውስጥ ነው። ዛሬ በየቤቱ በር ላይ የሚተከለው አር ኤፍ አይ ዲ የተባለው የካርድ ማንበቢያም ሥራው ከዚህ ማለፍ የለበትም።

ካርዱ ባትሪ የለውም፤ ከማንበቢያው በሚወጣው የራዲዮ ሞገድ ኃይል አግኝቶ ቁጥሩን ይናገራል። ማንበቢያው ቁጥሩን በቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ይልካል። ከቤቱ ኔትወርክ ጋር የሚገናኘውና ቁልፉን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ግን ከቤት ውስጥ ይቀመጥ። የኔትወርኩ ገመድ እስከ ውጭ ከተዘረጋ፣ ማንበቢያውን የነቀለ ሌባ የቤቱን ምሥጢር ጫፍ ጨበጠ ማለት ነው። በ125 ኪሎ ኸርዝ የሚሠሩት ብዙዎቹ ካርዶችም በቀላሉ ስለሚቀዱ፣ ምሥጢር ጠባቂውን ዓይነት መምረጥ ይበጃል። መብራት ቢጠፋም በሩ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት ይሁን።

አጋፋሪው ቢታለል እንኳ እልፍኙ አይደፈር።