ለጽኑ ሕሙማን የተዘጋው መድኃኒት

ከበበቃ የቡና እርሻም ሆነ ከቴፒ ወገን ደዌ የጸናበት ሰው ተስፋ አድርጎ የሚገባው አማን ከሚገኘው ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ደዌው ካንሰር ሆኖ ሲገኝ ግን መንገዱ ወደ ጅማ፣ ይልቁንም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ወደ አዲስ አበባ፣ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ይረዝማል። ኬሞቴራፒ ተቀብሎ በአውቶቡስ ወንበር ላይ እያስመለሰ ወደ ቀዬው የሚመለሰውን ሕመምተኛ ላየ ሰው፣ ስቃይን ማስታገስ የቅንጦት ጥያቄ አለመሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔ የምሟገትለት ነገር ለብዙ ሰው ጆሮ የሚከብድ ነው፤ ከካናቢስ፣ ማለት ከማሪዋና ተክል የተዘጋጀ መድኃኒት፣ ጽኑ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ይሰጥ ዘንድ ሕጉ በር ይክፈት እላለሁ። ተክሉ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ላሊበላ ዋሻ ከሚባል ስፍራ (የላስታው ላሊበላ አይደለም) በቁፋሮ የተገኙት፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበሩ የሸክላ ጋያዎች ተመርምረው የካናቢስ ርዝራዥ ታይቶባቸዋል። ማጨሱ ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ በወጣቶች አእምሮ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት የሚክድ ሰው የሕሙማን ወዳጅ ሊሆን አይችልምና።

ጉዳዬ የፋርማሲው መድኃኒት ነው። አሜሪካ በኬሞቴራፒ የሚመጣውን ትውከት ለማስታገስ የተሠራውን ድሮናቢኖልን እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሌላ መድኃኒት እምቢ ላላቸው አንዳንድ ሕፃናት የሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ካናቢዲዮልን ደግሞ በ2018 ፈቅዳለች። ካንሰርን ይፈውሳል የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም፤ ለሕመም ስሜት ያለው ጥቅምም ገና አከራካሪ ነው።

በእኛ አገር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማምረትንና ማዘዋወርን በጽኑ ይቀጣል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ግን ዕፆቹን ለሕክምናና ለሳይንስ ብቻ ይወስናል እንጂ ከሕሙማን አይነፍግም፤ በመግቢያውም ስቃይን ለማስታገስ አስፈላጊ መሆናቸውን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድምፅ በ25 ተቃውሞ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሆኑት መዝገብ አውጥቷል፤ ሌሶቶም ከዚያ ቀድማ በ2017 ለሕክምና የሚውለውን ተክል ለማልማት ፈቃድ ሰጥታለች።

«ዛሬ ለሕሙማን የተከፈተ በር ነገ ለሱሰኞች ይሆናል» የሚለው ስጋት ተገቢ ቢሆንም፣ መልሱ በሞርፊን ታይቷል፤ ሞርፊን የኦፒየም ልጅ ሆኖ ሳለ በተቆለፈ ቁም ሣጥን፣ በመዝገብና በፊርማ ተጠብቆ ለሕሙማን ይሰጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስካርን እያወገዘ ለጢሞቴዎስ ግን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን መፍቀዱን የሚያውቅ ካህን፣ መድኃኒትንና ስካርን መለየት አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ይመሰክርልኛል። ጫት በየገበያው በገሃድ በሚሸጥበት አገር ለሚሰቃይ ሰው ጠብታ መድኃኒት መከልከል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥንቃቄ አይቆጠርም።

ይሁን እንጂ የተፈቀደውም ሞርፊን ቢሆን ለድኾች አይደርስም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ገለጸው፣ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊንና የመሰሎቹ መድኃኒት ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ዩጋንዳ ግን የሐኪም እጥረቷን ተመልክታ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዳለች።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በቅድሚያ ሞርፊን ሳይቋረጥ አማን ይደርስ ዘንድ፣ ቀጥሎም ውጤታቸው የተረጋገጠው የካናቢስ መድኃኒቶች በልዩ ፈቃድ ገብተው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጡ ዘንድ ደንብ እንዲያወጡ እንለምናለን።