ሕንፃው ሲዞር ጭረቱስ ይዞራል?

በሕንፃ ንድፍ ትምህርት ተማሪዎች እንደ ቀላል ነገር የሚያልፉት፣ እኛም መምህራን ብዙ ጊዜ የማናተኩርበት አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ጭረት ነው። ጭረት፣ በሙያው አነጋገር ሃቺንግ፣ የተቆረጠን ግድግዳ ወይም የአንድን ገጽ ቁሳቁስ ለማመልከት በእኩል ርቀት የሚሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ማለት ነው። ሕንፃው ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ እስከ ሆነ ድረስ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ሕንፃው በወረቀቱ ላይ ዞሮ ሲቀመጥ ነው።

ነገሩን በምናውቀው ቦታ እንመልከተው። ገላባትና መተማ በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት እኛ የመተማ ጦርነት ስንለው በወዲያኛው ወገን የገላባት ይባላል። በዚህ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ፣ መስጊድ ደግሞ ወደ መካ አቅንቶ ይሠራል። መካ ከገላባት ሲታይ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 22 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። እንግዲህ ሰሜንን ወደ ላይ አድርገን የአካባቢውን ፕላን ብንነድፍ፣ በምሥራቅ መስመር የቆመው ሕንፃ ከወረቀቱ ጋር ተስማምቶ ሲቀመጥ መስጊዱ 22 ዲግሪ ዞሮ ይቀመጣል ማለት ነው።

እኛን ያሳሳተንም ይኸው 22 ዲግሪ ነው። ከአንድ መስጊድ ግንብ ጋር ትይዩ ሆና ለምትሠራ 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነች የንባብ ክፍል ተማሪዎቻችን ፕላን አወጡ። ግድግዳዎቹን በትክክል አዞሩ። የወለሉን ንጣፍ የሚያሳዩትን መስመሮች ግን በቲ ስኩዌር ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክለው አሰመሩ። ንድፉን አይተን የፈረምነው እኛው ነበርን። ግንበኛውም ያየውን ሠራ፤ ንጣፉን ከግድግዳው 22 ዲግሪ አዛንፎ መደርደር ጀመረ። ደርሰን ስናይ ሦስት ረድፍ አልቋል፤ ግድግዳው ሥር የተቆራረጠ ንጣፍ ተከምሯል። «ስዕሉ እንዲህ ይላል» አለን። እውነቱን ነበር። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ቢደረደር 40 ጊዜ 30፣ ማለትም 1200 ፍሬ ያለ አንዳች ቁራጭ ይበቃ ነበር (የመገጣጠሚያውን ክፍተት ሳንቆጥር)። ሲዛነፍ ግን በ28 ሜትሩ ዙሪያ ግድግዳ የሚነካው ንጣፍ ሁሉ መቆረጥ አለበት። የተደረደረው ተነሣ፤ የተቆረጠው ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የምንረዳው ጭረት ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው በቦታው በእርግጥ ያለ ነገር ሥዕል ነው፦ የንጣፍ ረድፍ፣ የሳንቃ መጋጠሚያ፣ የቆርቆሮ ሸንተረር። ይህ የሕንፃው አካል ስለሆነ ሕንፃው በዞረ ቁጥር አብሮ መዞር ይኖርበታል። ሁለተኛው ምልክት ብቻ ነው። የተቆረጠ የጡብ ግድግዳ በ45 ዲግሪ ሲጫር፣ በጡቡ ውስጥ እንደዚያ ያለ መስመር የለም፤ «ይህ የተቆረጠ ጡብ ነው» ለማለት የተስማማንበት ፊደል ነው።

ምልክት ከሆነ ታዲያ ባይዞርስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሒሳቡን እንሥራ። የንባብ ክፍሏ ረጅም ግድግዳ ከወረቀቱ አግዳሚ ጋር 68 ዲግሪ ይሠራል። ጭረቱን እንደ ልማዳችን ከአግዳሚው በ45 ዲግሪ ብናሰምር፣ ከረጅሙ ግድግዳ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 23 ዲግሪ፣ ከአጭሩ ጋር 67 ዲግሪ ይሆናል። አንዱ ግድግዳ በረጃጅም፣ ሌላው በአጫጭር ጭረት ይሞላል፤ ተመልካቹም ሁለት ዓይነት ቁሳቁስ ይመስለዋል። ሕንፃው 45 ዲግሪ ቢዞርማ ጭረቱ ከአንዱ ግድግዳ ጋር ትይዩ ሆኖ ከግድግዳው መስመር ጋር ይምታታል። ስለዚህ 45 ዲግሪው መለካት ያለበት ከወረቀቱ ሳይሆን ከግድግዳው ነው፤ በዚህ ምሳሌ ከአግዳሚው 23 ዲግሪ ይመጣል። ፕሮትራክተር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ማስመሪያውን በግድግዳው ላይ አጋድሞ ባለ 45 ዲግሪውን ሴት ስኩዌር በላዩ ማንሸራተት ይበቃል።

ክብ ሕንፃ ለብቻው ይታያል። በአማራ አካባቢ በብዛት የሚታየው ክብ ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳው በየነጥቡ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ «ከግድግዳው 45 ዲግሪ» ማለት ትርጉም ያጣል። በዚህ ጊዜ ጭረቱ በክቡ ዙሪያ ሁሉ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። በመካከል ያለው አራት ማዕዘን መቅደስ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢጫር ሁለቱ በግልጽ ይለያሉ። ጎጆ ቤትም እንዲሁ ነው።

ለክፍል ሥራ እኛ የምንመርጠው መንገድ ግን ከሁሉም ይቀላል። የሕንፃውን ፕላን ከወረቀቱ ጋር ቀጥ አድርጎ መንደፍና የሰሜንን ቀስት ማዞር ነው። ለንባብ ክፍሏ ቀስቱ ወደ ግራ 22 ዲግሪ ያዘነብላል። ሕንፃው ዞሮ የሚታየው በቦታ ፕላኑ ላይ ብቻ ነው።

በኮምፒዩተር የሚሠሩትም ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። በአውቶካድ ሕንፃውና ጭረቱ አብረው ተመርጠው ቢዞሩ አብረው ይሄዳሉ፤ ጭረቱ በኋላ አዲስ ቢሞላ ግን ማዕዘኑ የሚቆጠረው በወቅቱ ከሚሠራበት የመጋጠሚያ ሥርዓት አግዳሚ ነው። ሬቪት የሚባለው ፕሮግራምም ሙሌቶችን የምልክትና የእውነተኛ ልክ ብሎ በሁለት ይከፍላቸዋል። ከላይ ያልነውም ይህንኑ ነው።

ለተማሪዎች አንድ መልመጃ እንስጥ። ይህችው ክፍል ሰሜን ወደ ላይ በሆነበት ወረቀት ላይ ተነድፋለች፤ ጣሪያዋ ባለ ሁለት ክንፍ ቆርቆሮ ሲሆን አናቱ በረጅሙ ግድግዳ አቅጣጫ ይሄዳል። የቆርቆሮው መስመሮች ከወረቀቱ አግዳሚ ጋር ስንት ዲግሪ ይሠራሉ? ጣሪያው ባለ አራት ክንፍ ቢሆንስ? ውሃ በሸንተረሩ ከአናት ወደ ጠርዝ መውረድ ስላለበት፣ ለመጀመሪያው ወደ ቀኝ ቁልቁል የሚያዘነብል 22 ዲግሪ ነው። ለሁለተኛው በረጅም በኩል ያሉት ሁለቱ ክንፎች እንደዚያው ሆነው፣ በአጭር በኩል ያሉት ሁለቱ 68 ዲግሪ ይሆናሉ።