ስለ ካናቢስ ዕፅ፤ የንጥረ ነገሩ ቅርጽ ኀይሉን እንዴት እንደሚወስን

የአርሲ ነገሌ ወረዳ በስንዴውና በበቆሎው፣ ይልቁንም በአረቄው የታወቀ ነው። በስተደቡብ በሚያዋስነው በሻሸመኔ አካባቢ ደግሞ የካናቢስ ዕፅ በስውር እንደሚዘራ የተሰወረ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይህን ዕፅ ያለ ፈቃድ ማምረትንና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለይዞታዎች ዕፁ አእምሮን የሚያናውጥበትን ምክንያት ቢረዱ ይጠቅማቸዋል።

በዕፁ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከ100 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ከሁሉ የታወቁት ቲ.ኤች.ሲ. እና ሲ.ቢ.ዲ. ናቸው። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከ21 የካርቦን፣ ከ30 የሃይድሮጅንና ከ2 የኦክስጅን አቶሞች የተሠሩ ስለሆኑ ክብደታቸው አንድ ነው። ነገር ግን በቲ.ኤች.ሲ. አንዱ ኦክስጅን ሁለቱን ቀለበቶች አገናኝቶ ሦስተኛ ቀለበት ይዘጋል፤ በሲ.ቢ.ዲ. ይህ ቀለበት ሳይዘጋ ይቀራል። የቲ.ኤች.ሲ.ን አሠራር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ገልጠው ያሳወቁት ራፋኤል መሹላምና የሔል ጋኦኒ ናቸው።

በሰው አንጎል ውስጥ ሲ.ቢ.1 የተባለ ተቀባይ አለ፤ እርሱም እንደ ጓጉንቸር ይቈጠራል። ሰውነት ራሱ የሚሠራው መክፈቻ፣ ማለት በ1992 የታወቀው አናንዳሚድ፣ ለዚሁ ጓጉንቸር የተሰናዳ ነው። ቲ.ኤች.ሲ.ም ቀለበቱ ስለ ተዘጋ ቅርጹ ይጸናል፤ ከተቀባዩም ጋር ይገጥማል፤ አምስት ካርቦን ያለው ጭራውም ወደ ጠባቡ ሥፍራ ይገባል። ሲ.ቢ.ዲ. ግን በመካከሉ ታጥፎ ስለሚቆም በደንብ አይገጥምም፤ ስለዚህም አያሰክርም። ጭራው ሰባት ካርቦን ሲሆን አያያዙ እጅግ ይበረታል፤ ሦስት ሲሆን ግን በጥቂት መጠን ተቀባዩን ከመክፈት ይልቅ ይዘጋዋል።

እሳትም ነገሩን ይለውጣል። በአረቄ ሥራ እሳት አስቀድሞ በጥንስሱ ውስጥ ያለውን አልኮል ይለያል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። በካናቢስ ግን እርጥቡ ቅጠል የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከተቀባዩ ጋር የማይስማማውን አሲድ ነው፤ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣለትና ቲ.ኤች.ሲ. ይሆናል። ቈይቶ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ወደ ደካማው ሲ.ቢ.ኤን. ይለወጣል።

ከዚህ የተነሣ ማንም ሰው ቅጠሉን በዐይን አይቶ ወይም አሽትቶ ኀይሉን ሊፈርድ አይችልም። በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከሲ.ቢ.ዲ. የተሠራ መድኃኒት ለጽኑ የሚጥል በሽታ መፍቀዱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ያ መድኃኒት ተጣርቶና ተመዝኖ የተሰናዳ ነው፤ በማሳ የተገኘን ዕፅ «መድኃኒት ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም። የተያዘ ናሙና በወረቀት ከረጢት ታሽጎ፣ የተያዘበት ቀን ተጽፎበት፣ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ሳይዘገይ ወደ ምርመራ ቤት ይላክ። በመንገድ የተበላሸ ናሙና የዕፁን እውነተኛ ኀይል አያሳይምና፣ በደለኛውን ሊያስመልጥ፣ ንጹሑንም ሊያስጠረጥር ይችላል።