ማኮብኮቢያው ለምን ይለካል? የመንሸራተት ፍተሻና የመንገደኞች ደኅንነት

በረራ በዘገየ ጊዜ ለመንገደኞች ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ «ማኮብኮቢያው ለፍተሻና ለጽዳት ተዘግቷል» የሚለው ነው። ከተርሚናሉ መስኮት ሆኖ ለሚመለከት ሰው ምክንያቱ አጥጋቢ ላይመስል ይችላል። አስፋልቱ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ ስንጥቅም ሆነ ጉድጓድ አይታይበትም። ይሁንና ለዓይን ምንም እንከን የማይታይበት ማኮብኮቢያ ዝናብ ሲያርፍበት የአውሮፕላንን ጎማ ቆንጥጦ መያዝ የማይችል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ልኬቱ ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚከናወን ያብራራል።

አንድ አውሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ ፍጥነቱ የሚገታው በሦስት መንገዶች ነው። በክንፎቹ ላይ የሚነሡት ሳንቃዎች የአየሩን ድጋፍ አጥፍተው የአውሮፕላኑን ክብደት ወደ ጎማዎቹ ያወርዱታል፤ ሞተሮቹ ግፊታቸውን ወደ ፊት ይመልሳሉ፤ የጎማ ፍሬኖቹም ይይዛሉ። ከሦስቱ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ ነው። ነገር ግን ፍሬን ማቆም የሚችለው ጎማውን እንጂ አውሮፕላኑን አይደለም። አውሮፕላኑን የሚያቆመው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ከሌለ የቆመ ጎማ ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

በደረቅ አስፋልት ላይ ሰበቃ እምብዛም አያሳስብም። ችግሩ የሚመጣው ከውኃ ጋር ነው። በጎማውና በመሬቱ መካከል የገባው ውኃ በቂ ማምለጫ ካጣ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረው ጎማ ውኃውን ገፍቶ ማስወጣት ይሳነውና በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ባካሄዳቸው ሙከራዎች ይህ የሚጀምርበት ፍጥነት በዋናነት በጎማው ውስጥ ባለው የአየር ግፊት እንደሚወሰን ታውቋል። በአንድ ስኩዌር ኢንች 200 ፓውንድ ግፊት ያለው ጎማ በሰዓት 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሊንሳፈፍ ይችላል። ትላልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች መሬት የሚነኩት በዚሁ ፍጥነት አካባቢ ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍታ ቦታዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይታከላል። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ በክንፎቹ በቂ ድጋፍ ለማግኘት በባሕር ጠረፍ ካለ ማረፊያ ይልቅ በ12 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሬት መንካት ይኖርበታል። ጭማሪው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በጉዞ ላይ ያለ አካል የያዘው ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ ለማቆም መወገድ ያለበት ኃይል ሩብ ያህል ይጨምራል። በክረምት ወራት ዝናቡ ሲበረታ ይህ ሁሉ ኃይል መወገድ ያለበት በረጠበ አስፋልት ላይ ነው።

ማኮብኮቢያን ከሚያለሰልሱት ነገሮች ዋነኛው ራሱ የአውሮፕላኑ ጎማ ነው። ለማረፍ የሚወርድ አውሮፕላን ጎማዎቹ አይሽከረከሩም፤ መሬት በነኩ ቅጽበት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሽከረከሩ ይገደዳሉ። በዚያ ቅጽበት የሚታየው ጢስ የሚቃጠለው ጎማ ነው። የቀለጠው ጎማ በአስፋልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በሙቀቱ ይጠነክራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም አውሮፕላኖች መሬት የሚነኩበት ክፍል በጥቁርና ለስላሳ ንጣፍ ይሸፈናል። በዚህ ላይ አቧራ ይጨመርበታል። ከረጅም የበጋ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውን ከጎማ ቅሪቱ ጋር ስለሚለውሰው፣ ካፊያም ቢሆን አስፋልቱን በጣም አንሸራታች ሊያደርገው ይችላል።

ውኃ በፍጥነት የማይወርድበት ማኮብኮቢያ ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ዓለም በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ከተማ ተመልክቷል። በኮንጎኛስ አውሮፕላን ማረፊያ 1,940 ሜትር ርዝመት ያለው ዋና ማኮብኮቢያ አስፋልቱ ታድሶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 መጨረሻ ለአገልግሎት ተከፈተ። ውኃውን የሚያወርዱት ቀጫጭን ቦዮች ግን ገና አልተቆረጡበትም ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 2007 አንድ አነስተኛ አውሮፕላን በዝናብ ተንሸራትቶ ከማኮብኮቢያው ወጣ። በማግሥቱ አንድ ኤርባስ ኤ320 በረጠበው ማኮብኮቢያ ላይ ካረፈ በኋላ መቆም አቅቶት፣ አውራ ጎዳና ተሻግሮ ከሕንፃ ጋር ተጋጨ። በአውሮፕላኑ የነበሩት 187 ሰዎች በሙሉና በምድር ላይ የነበሩ 12 ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። የበረራ መቅረጫው የአንደኛው ሞተር መቆጣጠሪያ ዘንግ ለማረፊያ በሚገባው ቦታ ላይ እንዳልነበረ ስላሳየ፣ አደጋውን በአስፋልቱ ብቻ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ሆኖም አጭርና ረጥቦ የሚያንሸራትት ማኮብኮቢያ ስሕተትን የሚያርሙበት ዕድል እንደማይሰጥ አደጋው በግልጽ አሳይቷል።

ቦዮቹ የሚቆረጡት ማኮብኮቢያውን በወርዱ በማቋረጥ ነው። በአሜሪካ በሚሠራበት ልክ መሠረት ጥልቀታቸውም ሆነ ስፋታቸው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 38 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያች አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ማመላለሻ አውሮፕላን ማረፊያ የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1967 በዋሽንግተን ነበር።

የሰበቃ ልኬት የሚከናወነው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ተሽከርካሪ ወይም በመኪና በሚጎተት አነስተኛ ጋሪ ነው። መሣሪያው አንድ የመለኪያ ጎማ አለው። ይህ ጎማ ከሌሎቹ ጎማዎች ባነሰ ፍጥነት እንዲሽከረከር በመደረጉ ያለማቋረጥ በከፊል ይንሸራተታል፤ ማለትም ፍሬን እንደያዘ የአውሮፕላን ጎማ ይሆናል። ከፊቱ የተገጠመ ቧንቧ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውኃ ስለሚረጭ ልኬቱ ዝናብን መጠበቅ አያስፈልገውም። ተሽከርካሪው ከማኮብኮቢያው መካከለኛ መስመር በስተግራና በስተቀኝ 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ አውሮፕላኖች በብዛት በሚረግጡት መስመር ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳል።

ልኬቱ በሁለት ፍጥነቶች ይደረጋል፤ በሰዓት በ65 እና በ95 ኪሎ ሜትር። በዝቅተኛው ፍጥነት የሚታወቀው የጠጠሮቹ ገጽ ሻካራነት ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ አስፋልቱ ውኃውን ከጎማው ሥር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያሳያል። አንደኛውን አልፎ በሌላው የሚወድቅ ማኮብኮቢያ ስለሚኖር ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው። ግሪፕ ቴስተር የተባለውን መሣሪያ ለምሳሌ ብንወስድ፣ በ65 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከአዲስ አስፋልት የሚጠበቀው ውጤት 0.74 ነው። ውጤቱ 0.53 ሲደርስ የጥገና ዕቅድ መውጣት አለበት፤ ከ0.43 በታች ከሆነ ማኮብኮቢያው «ሲረጥብ የሚያንሸራትት» ተብሎ ለአብራሪዎች ማስታወቂያ ይወጣል። እነዚህ ቁጥሮች የሚያገለግሉት ለዚያ መሣሪያ ብቻ ነው። ሌላው መሣሪያ በዚያው አስፋልት ላይ የተለየ ቁጥር ስለሚያወጣ፣ የሁለት ማረፊያዎችን ውጤት መሣሪያውን ሳያውቁ ማወዳደር ያሳስታል።

ከዘመናዊው መሣሪያ ጎን ለጎን የሚሠራበት ቀላል ዘዴም አለ። ባለሙያው መጠኑ የታወቀ ደቃቅ አሸዋ አስፋልቱ ላይ አፍስሶ፣ ቀዳዳዎቹ እስኪሞሉ ድረስ ክብ አድርጎ ያሰራጨዋል። ክቡ ሰፊ ከሆነ አሸዋውን የሚውጥ ቀዳዳ የለም፣ ማለትም ገጹ ለስላሳ ነው፤ ክቡ ጠባብ ከሆነ ውኃም የሚወርድበት ጥልቀት አለ ማለት ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአዲስ ማኮብኮቢያ የሚመክረው አማካይ ጥልቀት ከ1 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ነው።

ፍተሻው በየስንት ጊዜው ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በትራፊኩ ብዛት ይወሰናል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ በአንድ የማኮብኮቢያ ጫፍ በቀን እስከ 15 ጄቶች ለሚያርፉበት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ31 እስከ 90 ለሚያርፉበት በየሦስት ወሩ፣ ከ210 በላይ ለሚያርፉበት ደግሞ በየሳምንቱ እንዲለካ ይመክራል። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የጎማው ቅሪት በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውኃ ወይም በኬሚካል ይነሣል። ግፊቱ ከመጠን ካለፈ አስፋልቱን ራሱን ስለሚሸረሽር ሥራው በጥንቃቄና በዝግታ የሚሠራ ነው፤ በአብዛኛው በረራ በሚቀንስበት ሌሊት የሚከናወነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከጽዳቱ በኋላ ልኬቱ ይደገማል።

የዕለቱ ሁኔታ ለአብራሪው የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ማኮብኮቢያው በርዝመቱ ለሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 6 ቁጥር ይሰጠዋል። ደረቅ 6፣ እርጥብ 5፣ ሲረጥብ የሚያንሸራትት 3፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውኃ ያቆረ 2 ነው። አብራሪው ቁጥሩን ተመልክቶ የሚያስፈልገውን የማቆሚያ ርቀት ያሰላል። ርቀቱ ካልበቃ በአየር ላይ ይጠብቃል ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ ያመራል። ዝናቡ ካባራ በኋላም አውሮፕላኑ ሲዞር የሚቆየው አንዳንድ ጊዜ ውኃው እስኪወርድና ማኮብኮቢያው እንደገና እስኪታይ ነው።

በዝናብ የሚጓዙ መንገደኞች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በረጠበ ማኮብኮቢያ ላይ አውሮፕላኑ ጠንከር ብሎ መሬት ቢነካ የአብራሪው ጉድለት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ ጎማው ውኃውን ሰብሮ አስፋልቱን እንዲይዝና ቶሎ እንዲሽከረከር ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ካረፈ በኋላ የሚሰማው ኃይለኛ የሞተር ድምፅም የማቆሚያው አካል ነው። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ሊወጣ የሚችለው በእነዚህ ሰከንዶች ስለሆነ፣ የመቀመጫ ቀበቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ድረስ መፈታት የለበትም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2005 በቶሮንቶ በከባድ ዝናብ ያረፈ አንድ ኤርባስ ኤ340 ማኮብኮቢያውን አልፎ በእሳት ቢያያዝም፣ በውስጡ የነበሩት 309 ሰዎች በሙሉ ወጥተው ተርፈዋል። ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ግን የእጅ ሻንጣቸውን ይዘው ለመውጣት ሞክረው ነበር። አስተናጋጆች «ውጡ» ሲሉ ሻንጣ፣ ላፕቶፕም ሆነ ማንኛውም ዕቃ ባለበት ይተዋል።